አይቆጠርም

ዛሬም ተሸነፍን፤ አራት ለሦስት።
ቁጥሩን የምሰቅል እኔ ነኝ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት
ከዚህ ሰሌዳ ጀርባ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣
በቀዳዳ እያየሁ የሰው ሩጫ ስቆጥር።

መስከረም በእኛ አገር የሚዘጋ በር ነው።
ማርቤሪ ላይ፣ የወረቀት ፋብሪካው ጭሱን ካቆመ ወዲያ፣
ከመሸ የሚበራ ይኸው የእኛ ሜዳ ነው፤
እሱም ከስድስት ምሰሶ ሁለቱ ጠፍቷል፣
በግራ በኩል ኳስ ከጨለማ ይወርዳል።

ሁለት መቶ ሰው ነበር፣ ቸር ከሆናችሁ፣
የቬልማንም ውሻ ሰው ካላችሁ።
ሽመላዎች ነን በስም፤ ደረት ላይ የተሰፋ
ወፍ አለን፣ በእጥበት ብዛት አንድ እግሩ የጠፋ።

ኮዛክ ወረወረ፤ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ፣
ላብ ጨው የሠራበት ኮፍያ በአናቱ።
ስድስት ዙር ያህል ክንዱ ዕድሜውን ረሳ፤
ሰባተኛው ላይ አስታወሰ።
ኳሷ እንደ በሰለ ፍሬ ተንጠልጥላ ቆየች፣
ዱላው ቀጠፋት፤ ከአጥሩ በላይ፣ ከፋብሪካው ግንብ ማዶ ሄደች።
ሊፈልጋት የሄደ የለም።

ያን ጊዜ ሚስተር ፍሬይሊንግ ከወንበሩ ተነሣ፤
ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ደረጃውን ወረደ።
ባለቤት እንለዋለን፤ ቤቱ ግን ሌላ ነው፣
ወደ ደቡብ፣ አዲስ ስታዲየም የምታንጽለት ከተማ አለችው።
የሜዳው ኪራይ ከታኅሣሥ አያልፍም።
ስንጠይቀው «እናያለን» ይላል።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሳይ ኖሬያለሁ፤
እንዲህ የሚል ሰው ዓይኑን እንደ ጨፈነ አውቃለሁ።

ጨዋታው ለማያውቀው ቀላል ነው፦
ከቤት ትነሣለህ፣ ሦስት ማረፊያ ትዞራለህ፣
ተመልሰህ ቤት ስትደርስ አንድ ይጻፍልሃል፤
ደጅ ላይ ከቀረህ ግን፣
ያ ሁሉ ሩጫ እኔ ጋ ሲደርስ ባዶ ነው፣
ቀለሙ የተላጠ፣ ክብ፣ የሳህን ያህል ባዶ።

ዘጠነኛው ዙር። ሁለት ሰው ወጥቶብናል።
ሦስተኛው ማረፊያ ላይ ሼንድሪክ ቆሟል፣
የሃያ ዓመት ልጅ፣ ከኩራሳው ደሴት የመጣ፣
ሁለተኛውን ሰርቆ፣ ሦስተኛውን በሰው መሥዋዕት ያገኘ።
ሃያ ሰባት ሜትር ቀረው፤
ከአልጋዬ እስከ ፖስታ ሣጥኔ ያህል።
የ«አንድ»ን ቆርቆሮ ከመንጠቆዋ አወረድኩ።

ኦዴል መታት፤ ወደ ላይ፤ በጣም ወደ ላይ።
ሁለት መቶ አንገት ቀና አለ።
በጠፉት መብራቶች መሃል ገባች፣
አልታየችም።
እሷ በሌለችበት በዚያች ቅጽበት
አልተሸነፍንም ነበር።
ሼንድሪክ ሮጠ፤ ተንሸራተተ፤ ቤት ረገጠ፤
አቧራው ላይ የጫማው ሾህ ታትሟል፣ ነገም ይታያል።
ከዚያ ኳሷ ከጨለማው ወጣች፣
የማንወደው ጓንት ውስጥ ገብታ ተኛች።

ዳኛው እጁን አነሣ።
ሕጉን አውቃለሁ፣ ሕፃንም ያውቀዋል፤
ልጁ ግን እዚያው ተንበርክኮ ዳኛውን ሽቅብ ያየዋል፣
ቀድሞ መድረሱ ለምን እንዳልበቃ
ሊነግረው የሚችል ሰው ያለ ይመስል።

ባዶውን ሰቀልኩ።

ሰው ወጣ። ቬልማ የቀረውን ፈንድሻ ለውሻዋ በተነች።
ሜዳ ጠባቂው ስታኔክ ብቻ፣ ከረጢት ታቅፎ፣
ራሰ በራው መሬት ላይ የሣር ዘር ይዘራል፤
በጸደይ ካልሆነ የማይበቅል ዘር።
«ለማን ነው?» አልኩት።
«ለሣሩ» አለኝ፤ ቀናም አላለ።

በወንዙ ዳር፣ በጭጋጉ፣ በእግሬ ሄድኩ።
ቁልፌን ስፈልግ ነው ያወቅሁት፣
የ«አንድ» ቆርቆሮ በብብቴ ሥር ናት፣
እንደ ጋዜጣ ተሸክሜያት መጥቻለሁ።
ጠረጴዛው ላይ አኖርኳት፣ ከእራቴ ሳህን አጠገብ።
ሦስት ጨዋታ ይቀራል።
ነገ እመልሳታለሁ፤ ዛሬ ግን
እሷ እንኳ ቤት ደርሳለች።